አጥንት ሲጠየቅ

«አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን፣ ሰው ሲሞትብን። ያንኑ አፈር በማንካና በብሩሽ እየጫረ ሙቱን የሚቀሰቅስ እንግዳ ሲመጣስ ምን እንበለው?

ይህን ጥያቄ የሚያጭርብኝ አሶሳ ነው። በአካባቢው ቃኣባና በል ቁርቁሙ የሚባሉ የዓለት ጥላዎች አሉ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረዋቸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። የተዘገበው በአመዛኙ ከኳርትዝ ድንጋይ የተፈለጠ መሣሪያና የሸክላ ስባሪ ነው። ድንጋዩ የእጁን ብልሃት ይነግረኛል፤ ሸክላው ማድጋውን ያሳየኛል። ሰውየው ግን የለም። ማን ወለደው? ምን አመመው? ማን ቀበረው? ይህን የሚመልስ አጥንት ብቻ ነው።

አጥንት ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞታ ከተባለ ዋሻ የወጣው ሰው 4,500 ዓመት ገደማ ተኝቶ ነበር። «ባይራ» አሉት፤ በአገሬው ቋንቋ በኩር ማለት ነው። ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት የተገኘው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ምድር ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ዘረ መል ሆነ። ዓይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጥቁር፣ ሰውነቱ ከፍታውን የለመደ፣ ካደገ በኋላ ወተት የማይስማማው ሰው ነበር። ከተነጻጸሩት ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከእርሱ ተነስተው ስለ ቀረው አፍሪካ የሰጡትን ድምዳሜ ግን በዓመቱ ራሳቸው አረሙት። አጥንቱ አልዋሸም፤ የተሳሳተው አንባቢው ነበር።

አጥንት የሚመሰክረው ስለ ኑሮ ብቻ አይደለም፤ ስለ አሟሟትም ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም በማውጣቱ ሥራ ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው «ይህ ሳይንስ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም። የልጇን አጽም ለይታ የቀበረች እናት ለቅሶዋ እንደ አዲስ ቢጀምርም፣ መንገድ መንገዱን ማየቷ ያበቃል።

አሁን ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ልመለስ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የእነርሱ አጥንት እንደ ባይራ ሺህ ዓመታት ቆይቶ የሚጠይቀውን ሰው መጠበቅ የለበትም። ለጥንቱ ሟች ስም ማውጣት ደግ ነው። የትናንቱ ግን ስም ነበረው፤ ስሙን የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ ይመዝገብለት።