የጋኑ ሽታ

አንድ መምህር ስለ ሟች እናቱ አጭር ልቦለድ ጻፈ። እናቲቱ ጠላ እየጠመቀች ልጆችዋን ያሳደገች ሴት ነበረች። የተጣፈው ቀሚስዋ፣ የግንባሯ መስመር፣ ጭስ ያጠቆረው የጎጆዋ ጣሪያ፣ ከደጃፏ ማዶ የሚታየው ተራራ፣ ሁሉም በጥንቃቄ ተሥሏል። ረቂቁን ለታላቅ እኅቱ አነበበላት። እኅቱ ፊደል ባትቆጥርም ለልቦለድ እንግዳ አልነበረችም፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ተከታትላለች። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ አዳመጠችና፣ «ማለፊያ ነው፤ ግን ይህች የማን እናት ናት?» አለችው።

መምህሩ ተቀየመ። ይበልጥ የከነከነው ግን መልስ ማጣቱ ነበር። የእናቱን መልክ የሚያውቀው በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው፤ ልቦለዱም ከዚያው የተቀዳ ነበር። ድምፅዋን ለማስታወስ ቢሞክር አልመጣለትም።

ዓይን ሩቅ ይደርሳል፤ ከሚያየው ነገር ጋር ግን አይነካካም። ይህን ልዩነት አማርኛ ራሱ ያውቀዋል። «አየሁ» የሚል ሰው አድራጊ ነው፤ «በረደኝ»፣ «ሸተተኝ»፣ «ጣፈጠኝ»፣ «ኮሰኮሰኝ» የሚል ግን ዓለም ራሷ መጥታ የነካችው ነው። ገጸ ባሕርያቱን ሲያዩ ብቻ የሚያውል ደራሲ ይህን ሀብት ሳይነካው ይቀራል። (አምስቱን ሕዋሳት በየአንቀጹ እንደ ተማሪ ስም በተራ የሚጠራም አይጠፋም፤ የእርሱስ ይብሳል።)

በማግሥቱ እኅቱ ጠላ ልትጠነስስ ነበርና መምህሩ አብሯት ዋለ። ጋኑ በግራዋ ሲታጠብ የቅጠሉ ምሬት ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ ያዘ። ከዚያም ወይራ በፍም ላይ ተጣለና ጋኑ በጭሱ ላይ ተደፋ። ጭሱ ሲደርስበት መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ያን ጊዜ መጣች። መልኳ አልነበረም የመጣው፤ የጌሾ ብናኝ ያልለቀቀው መዳፏ ግንባሩን ሲዳብስ የነበረው መሻከር፣ ሌሊት ጥንስሱ ሲፈላ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ «ደርሷል» ስትል የነበረው የጎረነነ ድምፅዋ ነበር።

ተራራውን ሰረዘው። አዲሱን ረቂቅ ሲያነብላት እኅቱ ከጋኑ ዘንድ ሲደርስ አስቆመችው።

«ምነው እትዬ?»

«እናታችን ግራዋውን ሁለት ጊዜ ነበር የምትደግመው» አለችው፤ «አርመው።»