ጨዋታው መቼ ነው የሚያልቀው?

«ጋሼ፣ ይቺን ሲዲ እዚህ ልጫወታት?»

«አንዱ ጌም ስንት ደቂቃ ነው?»

«ጌም በጌም አይደለም። ታሪክ ነው።»

«እሺ፣ ታሪኩ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አርባ ሰዓት ይፈጃል ይላሉ።»

«አርባ ሰዓት! ታዲያ እኔ ምን ልብላ?»

ይህ ንግግር የተደረገው በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኮተቤ ውስጥ፣ በአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ነው። ሲዲዋን የያዘው ልጅ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ዛሬ 35 ደርሷል። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ይተዳደራል፤ አግብቷል፤ ጌም ግን አልተወም። ስለ ኮንሶልና አር.ፒ.ጂ. ስለሚባሉት ረጃጅም የታሪክ ጨዋታዎች መናገር ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ከሚናገረው አብዛኛው እንደሱ ጌም ለሚወዱ ብቻ የሚጥም ነው። አንዱ ሐሳቡ ግን ጆይስቲክ ነክቶ ለማያውቅ ሰውም ይሆናል። «እኛ አገር የጌም ማሽን ገባ እንጂ የጌም ታሪክ አልገባም» ይላል። «ያስቀረው ደግሞ መንግሥትም ባህልም አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው።»

ነገሩን ለመረዳት ያንን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የሰፈር ልጅ። ሒሳቡ በጌም ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ባለቤቱ የሚያተርፈው ልጆች ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ እግር ኳስ ለቤቱ ጥሩ ዕቃ ነው። ቡጢና ካራቴውም እንደዚያው። አንድ ልጅ ብቻውን አርባ ሰዓት የሚቀመጥበት፣ ተሸናፊ የሌለው ጨዋታ ግን ኪሳራ ነው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ የቤት ኪራይ አለበት። ግን በዚያ ሒሳብ ምክንያት አንድ ትውልድ ሙሉ ፕሌይስቴሽን ማለት ኳስ ማለት እንደሆነ አምኖ አደገ። ወላጆችም ጌም ማለት ሳንቲም የሚበላ፣ ልጅ የሚያባልግ ነገር ነው ብለው ደመደሙ። ካዩት ተነስተው ነውና አይፈረድባቸውም።

ልጁ ያንን ሲዲ ያገኘው ከአጎቱ ነው። አጎቱ ከዋሽንግተን ሲመጣ ፕሌይስቴሽን 2 ይዞለት መጣ። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። አብረው ከመጡት ሦስት ሲዲዎች አንዱ ኳስ፣ አንዱ ድብድብ፣ ሦስተኛው ሻጩ «ይሄንንም ውሰድለት» ብሎ የጨመረው «ፋይናል ፋንታሲ 10» ነበር። አጎቱ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። የደረሱበትን የምታስቀምጠው ሚሞሪ ካርድ ለብቻዋ ነው የምትሸጠው። ያለ እሷ ማሽኑ ሲጠፋ ታሪኩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጁ መፍትሔ አበጀ፤ ቴሌቪዥኑን ብቻ እያጠፋ ማሽኑን ሌት ተቀን ክፍት ተወው። በአራተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ለዚህ ነው በነጋታው ሚሞሪ ካርድ ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሲዲውን ይዞ የሄደው። መልሱን ከላይ አይተናል። በመጨረሻ የኪስ ገንዘቡን ለሁለት ወር አጠራቅሞ ከመርካቶ አንድ ካርድ ገዛ።

አር.ፒ.ጂ. ሲባል ምን ማለት ነው? ተጫዋቹ አንድን ሰው ሆኖ ወደ አንድ ዓለም ይገባል፤ ይጓዛል፤ ከሰው ጋር ይነጋገራል፤ ይወስናል፤ የወሰነውም ነገር ይከተለዋል። መነሻው ኮምፒውተር እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት አሜሪካውያን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ጃፓኖች ሐሳቡን ወስደው በቤት ማሽን ላይ የራሳቸው አደረጉት። «ድራጎን ኩዌስት» በ1986፣ «ፋይናል ፋንታሲ» በ1987 ወጡ።

ሰውየው ስለ ኮንሶል ያለው አቋም የሚመነጨውም ከዚሁ ታሪክ ነው። ሶኒ ይሻላል ኤክስቦክስ የሚለው ክርክር ለእሱ የቡናና የጊዮርጊስ ነገር ነው፤ ይደምቃል እንጂ አያልቅም። ማሽን በራሱ ሳጥን ነው ባይ ነው። ማስረጃው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ነው። የጨዋታው ባለቤት ስኩዌር የኒንቴንዶ የቅርብ ወዳጅ ነበር። ኒንቴንዶ በኒንቴንዶ 64 ማሽኑ ላይ ካርትሪጅ አልተውም አለ። ትልቁ ካርትሪጅ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ሲሆን አንድ ሲዲ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። ስኩዌር ሊናገር ያሰበው ታሪክ ደግሞ ሦስት ሲዲ የሚሞላ ነበር። ስለዚህ ወዳጁን ትቶ ወደ ሶኒ ሄደ፤ ጨዋታው በ1997 በፕሌይስቴሽን ወጣ፤ ብዙ ሰውም ማሽኑን የገዛው ለእሱ ሲል ነው። «ታሪኩ ነው ማሽኑን የመረጠው» ይላል ሰውየው። ዛሬ ማይክሮሶፍት ራሱ ለኤክስቦክስ ብቻ ይሠራቸው የነበሩ ጨዋታዎችን በሶኒ ማሽን ላይ እየሸጠ ነው። «ፎርዛ ሆራይዘን 5» በ2025 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሲወጣ ለሃያ ዓመት ሲሰዳደቡ የኖሩት ደጋፊዎች ምን ይሉ ይሆን ብሎ ስቋል።

ለመሆኑ ያ አርባ ሰዓት ምን ይዞ ነው? የ«ፋይናል ፋንታሲ 10»ን ታሪክ እንውሰድ። ቲዱስ የሚባል ወጣት ወደማያውቀው ዓለም ይወድቃል። በዚያ ዓለም ሲን የሚባል አውሬ እየመጣ ከተማ ያወድማል። ዩና የምትባል ልጅ አውሬውን ለማስቆም ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ የምትሄድ መንፈሳዊ ተጓዥ ናት። ቲዱስ አብሯት ይሄዳል። በመንገድ ላይ ይወዳታል፤ ጉዞው ሲያልቅ አገሩን እንደሚያሳያት፣ እዚህም እዚያም እንደሚወስዳት እየነገራት ያስቃታል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የሚገለጠው። አውሬውን የምታቆመው ልጅ በዚያው ትሞታለች። አብረውት የተጓዙት ሁሉ ያውቁ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ደግሞ ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ።

ይህን ፊልም በሁለት ሰዓት ሊናገረው ይችላል። ልዩነቱ የኮተቤው ልጅ ያንን ሁሉ መንገድ በራሱ ጣት መሄዱ ነው። ያንን ሁሉ የወደፊት ተስፋ ሲሰማ የነበረው፣ እያንዳንዱን ቤተ መቅደስ አልፎ ወደ ሞቷ ያቀረባትም እሱ ራሱ ነው። በቀኝ እጁ ጆይስቲክ፣ በግራው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዞ። እንግሊዝኛ የተማረው እዚያ ነው፤ «መስዋዕትነት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ያወቀው ከትምህርት ቤት ቀድሞ ነው።

ካደገ በኋላ የወደደው «ዘ ዊቸር 3» ሌላ ነገር አስተማረው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2015 ያወጣው ጨዋታ ነው። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ አንድ ሰካራም ባላባት አለ፤ ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበታል። በፍለጋው መሐል ተጫዋቹ ዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። ቢፈታው መንፈሱ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያድናል፤ ግን አንድ መንደር ያጠፋል፤ የባላባቱ ሚስት ትሞታለች፤ እሱም ራሱን ይሰቅላል። ቢገድለው ሚስትየው አእምሮዋ ተነክቶም ቢሆን ትተርፋለች፤ ባሏ ሊያሳክማት ይዟት ይሄዳል፤ ሕፃናቱ ግን አይመለሱም። ጥሩው መልስ የለም። ውጤቱም ወዲያው አይታይም፤ ሰዓታት አልፈው ነው የሚመጣው። «እኛ አገር ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ነው» ይላል ሰውየው። «እዚያ ግን በጎ አድርጌያለሁ ብዬ ተኝቼ፣ በማግስቱ ያጠፋሁትን መንደር አየሁ።»

እሱም ቢሆን ለአር.ፒ.ጂ. አይሰግድም። ዛሬ የሚወጡት ብዙዎቹ በከንቱ ተለጥጠዋል ይላል፤ ተጫዋቹን ቅጠል ሲያስለቅሙና ሳጥን ሲያስከፍቱ ይውላሉ። ድብድቡን ሁሉ ፈጣን ማድረግ ግዴታ ነው የሚለው የኩባንያዎች እምነትም አይዋጥለትም። በተራ በተራ እያሰቡ የሚመታቱበት የድሮው ስልት አልሞተም ሲል ይከራከር ነበር። የቤልጂየሙ ላሪያን በ2023 «ባልደርስ ጌት 3»ን፣ የፈረንሳዩ ሳንድፎል በ2025 «ክሌር ኦብስኩር»ን አውጥተው ሁለቱም የየዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሲባሉ ደስ ብሎታል። የራሱንም ጥፋት አይሸሽግም። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በጌም አሳልፎ ሁለት ኮርስ ወድቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያካትት «ውሸት ነው» አላለም። አያቆምም እንጂ ሰዓት ይቆጥራል።

አሁን ደግሞ ሌላ በር እየተዘጋ ነው። ሲዲ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይዞር ነበር፤ አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል። አሁን ጨዋታ በአብዛኛው የሚሸጠው በኢንተርኔት ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ሰውየው አካውንቱን በአጎቱ የአሜሪካ አድራሻ ከፍቷል፤ የሚገዛውም አጎቱ በሚልክለት ጊፍት ካርድ ነው። አዲስ ጨዋታ እስከ 70 ዶላር ነው። ከፍሎም ቢሆን የገዛው ጨዋታውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ይህን ሻጮች ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ በ2024 በካሊፎርኒያ ወጥቷል። ካሊፎርኒያ ያለው ሰው ቢያንስ ይነገረዋል። በሰው አድራሻ የሚኖረው የኮተቤ ሰው አንድ ቀን አካውንቱ ቢዘጋ ለማን አቤት ይላል?

የዛሬ ልጆች ስልክ ይዘዋል፤ ስልክ ላይ ያለው አር.ፒ.ጂ. በአብዛኛው ነፃ ነው። ነፃ የሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ዕጣ ስላለበት ነው። ትከፍላለህ፣ የተዘጋ ሳጥን ይሰጥሃል፣ የፈለግኸው ጀግና ይውጣ አይውጣ ዕድልህ ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያሉ የዕጣ ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ብላለች። ሰውየው ይህን ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚመጣበት አንድ ነገር አለ። ያ የኮተቤ ፕሌይስቴሽን ቤት ዛሬ ቤቲንግ ቤት ሆኗል። ያው ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኖቹም እዚያው ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ያኔ «ተሸናፊ ይከፍላል» ሲሉ ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹ አሁንም እዚያው ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ «አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ስለ ጌም?» ሊል ይችላል። መልሱ ልጆች የሚውሉበት ነገር አገራዊ ጉዳይ መሆኑ ነው። ጌም ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው ክርክር ጊዜው አልፏል፤ ልጆቹ ገብተውበታል። የቀረው ጥያቄ የትኛው ጌም የሚለው ነው። እሱን ደግሞ እስካሁን የመለሰልን የገበያው ሒሳብ ብቻ ነው።

መሥራት አይቻልም ማለትም አይደለም። ቅኔ ጌምስ የሚባል የኢትዮጵያ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ አጭርና አስቂኝ የሩጫ ጨዋታ ነው። ከዚያ ርቀው የሄዱት ካሜሩኖች ናቸው። ያውንዴ ያለው ኪሮኦ ጌምስ ከፊል ገንዘቡን ከደጋፊዎች በኢንተርኔት አሰባስቦ በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ ሙሉ አር.ፒ.ጂ. አወጣ። ንጉሥ ሊሆን በተቀባበት ዕለት በአማቹ መፈንቅለ መንግሥት የተደረገበት ልዑል ታሪክ ነው። ለኛ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሥልጣን፣ ስደት፣ ቃል ኪዳን፣ ክህደት፣ የሚጠየቅ ደም… እኛ ጋ የጎደለው ታሪክ አይደለም። ሥዕል የሚሥል፣ ኮድ የሚጽፍና ድርሰት የሚያውቅ ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ትርፍ ሳይጠብቅ የሚከፍል ሰው ነው የጠፋው።

እስከዚያ ድረስ ሰውየው የሚችለውን ያደርጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የ12 ዓመት የእህቱ ልጅ ይመጣል። ያቺኑ የድሮ ጨዋታ፣ በአዲስ መልክ የታተመችውን፣ አብረው ይከፍታሉ። ልጁ ይጫወታል፤ አጎት ጎኑ ተቀምጦ እያንዳንዱን ንግግር ወደ አማርኛ ይመልስለታል፤ ለዩና ቀጠን ያለ ድምፅ፣ ለሽማግሌዎቹ ጎርነን ያለ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሴቭ ያደርጋሉ፤ ማሽኑ ይጠፋል። በቀደም ዕለት የዩና ምሥጢር የሚገለጥበት ቦታ ደረሱ። ልጁ ጆይስቲኩን አስቀመጠና «አጎቴ፣ ሁሉም እያወቁ ለምን አልነገሩትም?» አለው።

ሰውየው ወዲያው አልመለሰለትም። «አንተ ብትሆን ትነግረው ነበር?» አለው። ልጁ ሲያስብ ቆየና «ለቅዳሜ ልንገርህ» አለ።