በኪስ የሚያዝ መዝገብ

የሰው ልጅ የሚረሳውን በጽሕፈት ያኖራል፤ ጽሕፈትም ጠባቂ ይሻል። ይህን የተማርሁት ከአባቴ ሕመም ነው።

ባለፈው ክረምት አባቴ ለብዙ ዓመት ደብቆት የኖረው ቡአ ጸናበት። እዚህ በቆጂ የመረመረው ሐኪም ከከተማችን ውጭ ወዳለ ሆስፒታል እንዲሄድ ወረቀት ጻፈለት። እኔም ወረቀቱን በእጅ ስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁት። በመንገድ ላይ ዝናቡ በረታብን፤ ወረቀቱም በአባቴ ጋቢ ውስጥ ርሶ ቀለሙ ፈሰሰ። እንደ ደረስን ነርሷ ገልጣ ብታየው የሚነበብ ፊደል አጣች። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቡአው በቀኝ በኩል መሆኑና አባቴ ቀድሞ ፔኒሲሊን ተወግቶ ሰውነቱ እንዳበጠ በፎቶግራፉ ላይ በግልጥ ይነበብ ነበር። ሁለቱንም በካርዱ ላይ ጻፈችና «ደግ አደረግህ፥ ወንድሜ» አለችኝ።

ለምን እንዲህ እንደ ተጠነቀቀች ኋላ አነበብሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ያወጣው ማመሳከሪያ 19 ነጥቦች አሉት። እነዚህም ሕመምተኛው ከመደንዘዙ በፊት፥ ቆዳው ከመቀደዱ በፊትና ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት እየተነበቡ ይረጋገጣሉ። የሕመምተኛው ማንነት፥ የሚቀደደው ቦታና የማይስማማው መድኃኒት ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ ናቸው። በስምንት ሆስፒታሎች ተፈትኖ በ2009 በታተመው ጥናት፥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ ብሏል። በጊዜው የተገኘ አንድ መስመር ጽሕፈት ነፍስ ያድናል ማለት ነው።

ነገር ግን ጥፋቴን ካልተናገርሁ ጽሑፌ ግማሽ ይሆናል። አባቴ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳለ፥ ጸሎት እንዲያደርግልን ብዬ ያንኑ ፎቶግራፍ ለአንድ ዘመዳችን ላክሁለት። እርሱም ለሌላ፥ ሌላውም ለሌላ አስተላለፈው። አባቴ ድኖ ሲመለስ በወፍጮ ቤት ደጃፍ ሰዎች ስለ ቡአው ሲቀልዱ ሰማ። ማታ ጠርቶኝ፥ «ልጄ፥ ያዳነኝም ያዋረደኝም ያንተ ስልክ ነው» አለኝ። ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ለመንሁት።

ዛሬ በአገራችን በብዙ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰቡን መዝገብ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይይዛሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛል። ሕጉ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ ገብቶ አይጠብቅም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ ከስልክ የወጣ ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የወላጆቻችሁን ወረቀት ስታነሡ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከሚያክማቸው ሰው በቀር ለማንም አታሳዩ።

አባቴ ለቀጠሮው ሲነሣ አዲሱን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ ስልኬን ለማውጣት አፍሬ ቆምሁ። እርሱ ግን ፈገግ ብሎ፥ «አንሣው፤ ለሐኪሙ ብቻ» አለኝ።