ለቅሶ የሄዱበት ቀን አይቆጠርም
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አንባቢዬ፣ እዚህ አገር ዜጋ መሆን የሂሳብ ሥራ ነው ብልህ ታምነኛለህ? ግሪን ካርድ፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት፣ እጅህ ከገባ በኋላ 5 ዓመት ትቀመጣለህ፤ አሜሪካዊ አግብቶ አብሮ የኖረ በ3 ይገላገላል። ታዲያ መቀመጥ ማለት በወሬ አይደለም፤ ከ5ቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወሩን በአካል እዚሁ መገኘት አለብህ። ማመልከቻው፣ ኤን-400 የሚሉት፣ ከአገር የወጣህበትንና የተመለስክበትን ቀን አንድ በአንድ ያስጽፍሃል። እንግሊዝኛውና የታሪክ ፈተናው ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጎረቤቴ የወሎ ቆቦ ሴት ናቸው። ፎርሙን የምንሞላው እሳቸው ቡና እያፈሉ ነው።

“እትዬ፣ ይኼኛው ጉዞ ለምን ነበር?”

“የወንድሜ ለቅሶ።”

“ይኼስ?”

“የአክስቴ ልጅ ተዝካር።”

አቤት! እኛ ጋ እኮ እንግዳ የአገር ሰው የሚሆነው ለቅሶ በመድረስ ነው። ማሽላ ሊጭን ከደሴ መጥቶ እዚያው ቆቦ የቀረ ሰው፣ ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ ገብቶ ድንኳን ከተከለ፣ ቃሬዛ ከተሸከመ፣ ማን ዓመት ይቆጥርበታል? እዚህ ለቅሶ የሄድክበት ቀን ከሂሳብህ ይወጣል። ከ6 ወር በላይ ከቆየህማ ነዋሪነትህ እንዳልተቋረጠ አስረዳ ትባላለህ። ዓመት ከሞላህ ተቋረጠ በቃ፤ ተመልሰህ 4 ዓመት ከ1 ቀን ትጠብቃለህ። ያቺን 1 ቀን ምን ፈልገው እንደጨመሯት እንጃ!

እኛስ ብንሆን? የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ 4 ዓመት እንዲኖር ይጠይቃል። ከአሜሪካ በ1 ዓመት እናንሳለን፤ አልደብቅህም፣ ኮራሁ። ቋንቋም አለበት፤ ግን ከብሔረሰቦቻችን ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃዋል። ቆቦ ገበያ የሚውል ፈረንጅ እንግዲህ ይምረጥ፦ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግመሉን እየነዳ ከመጣው ሰው ጋር ደግሞ አፋርኛ።

የሚያስጨንቀው ሌላው አንቀጽ ነው። ይኸው አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘውን፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

“ለቅሶ በቪዛ ልደርስ ነዋ?”

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ እንደሚያስገባ ነገርኳቸው።

“እሱንስ ስንት ዓመት አስቀምጠው ነው የሚሰጡኝ?”