ከሐረማያ ለጋሼ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረማያ ገብቻለሁ።

«ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ አይከስርም» እያልክ ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪ የሚከራይ ሰርቪስ ልትሠራ መነሣትህ እዚህ ከሐሳቤ አልወጣም። የመጣሁት ተማሪ ለክረምት በተበተነበት ሰሞን ነው። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ ባጃጆቹ ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ። ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት «አሁን የሚጠጣልን ጥበቃው ብቻ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የድንቹ ገበያ ግን ተማሪ መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ አይመስልም። አይሱዙ ላይ በጆንያ በጆንያ ይጫናል። አንድ ገበሬ ዘሩ ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ቡቡ» አለኝ። አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ቆዳውን ገፋ ገፋ አደረገው፤ አልላጥ ሲለው «ደርሷል» አለ። ቡቡም ገቢሳም ዩኒቨርሲቲው አውጥቶ ያስመዘገባቸው ዝርያዎች ናቸው። የድንች ነገር ታውቃለህ፤ ያንኑ ዘር ደጋግመህ ስትተክል በሽታ ያከማችና ይደክማል፣ በክረምት ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ አለ። ስለዚህ አዲስ ዘር የሚያወጣ ሰው ቅርብ መኖሩ ለገበሬው ገንዘብ ነው። የኪራይን ያህል ስለማይታይ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ይህ ዘር የማውጣት ችሎታ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሽማግሌዎቹ አሁንም «አለማያ» የሚሉት ይህ ግቢ በ1950 ዓ.ም. በንጉሡ ሲመረቅ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የቆመ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1977 ዓ.ም. ነው።

እውነቱን ለመናገር የአካባቢው ትልቁ ገንዘብ ጫት ነው፤ የጫት ገበያዋ አወዳይ ቅርብ ናት፣ ጫት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገውም። የሐረማያ ሐይቅም የሐረርን ከተማ ሲያጠጣ ኖሮ፣ በሞተር ፓምፕ መስኖና በደለል ተዳክሞ፣ ስንት የአፈርና የውሃ ምሁር በተቀመጠበት አጠገብ ደረቀ። ውሃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። ቢሆንም ምሁሩ ያወቀውን ያህል ባለሥልጣኑም ገበሬውም ካልሰማው፣ እውቀቱ አጥር ውስጥ ታጥሮ ይቀራል።

ሰርቪሱን ሥራ፣ አልከለክልህም። ስታሰላ ግን ክረምቱን ባዶ ቁጠረው። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አደራ፦ የኛም አገር ድንች አብቃይ ነውና፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ መምህራን ዘንድ ሄደህ በእማዬ ማሳ ላይ ዘር እንዲሞክሩ ጠይቅልኝ። መሬቱን እኛ እንሰጣለን በላቸው።

ወንድምህ