የባትሪ ቤት

አማርኛችን ለባትሪ የሰጠው ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ባትሪ» የምንለው በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባውን ግን «ድንጋይ» እንለዋለን። የሬዲዮ ድንጋይ፣ የሰዓት ድንጋይ፣ የባትሪ ድንጋይ። ዘመዶቼ በሚኖሩባት በምሥራቅ ጎጃሟ አማኑኤል ድንጋይ ሲደክም እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ሬዲዮው ዜናውን እስኪጨርስ ድረስ ይናገራል። ነገሩ ከንቱ እምነት አይደለም፤ ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ስለሚቀሰቅሰው ለአንድ ምሽት ያህል ነፍስ ይዘራል።

ችግሩ የሚመጣው የትንሹ ድንጋይ ትምህርት ወደ ትልቁ ባትሪ ሲሻገር ነው። ሙቀት ባትሪን ያበረታል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ የጋለ የመኪና ባትሪ ሲነካ አይደነግጥም። እንዲያውም «ጠጥቷል፣ ሞልቷል» ይላል። ዳሩ ግን እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ የያዘው ባትሪ የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ያለ አየር ነው። ከዚያ በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ዕድሜው ማጠሩስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራው አሟሟቱ ነው።

ይህን አሟሟት በቅርብ ያየሁት ጣና ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ እየተመለስን ሳለ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ መጣ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። ባለጀልባው ግን ወዲያው ሞተሩን አጠፋና፣ «ክብሪት እንዳትጭሩ! ሲጋራም እንዳይለኮስ!» ሲል ጮኸ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን ሲከፍተው ባትሪው ጎንና ጎኑ አብጦ ታየ።

«ምን ሆነ ልጄ?» አሉ ገዳም ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እናት።

«ምንም አይደል እማማ፤ ባትሪው ተቆጥቶ ነው።»

መኪና ቢሆን ኖሮ ወርደን ገፍተን እናስነሳው ነበር። ሐይቅ ላይ ማን ወርዶ ማንን ይገፋል? ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ጀልባዋን ወደ ጎን ይወስዳት ጀመር። ባለጀልባው ግን አልቸኮለም። ነፋሱ ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጋዝ እስኪወስደው ጠበቀ። ከዚያ በቁልፍ መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ኬብል ፈታ። ሞተሪኖው ያለ ባትሪ ስለማይሠራ ሞተሩን በገመድ ስቦ አስነሳው። ሦስተኛው ስበት ላይ ሲነሳ እናትዬዋ እልል አሉ።

ወደቡ ላይ ስንወርድ ምክንያቱን ጠየቅሁት። ከሞተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚገድበው ዕቃ ተበላሽቶ ነበር። 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሲሞላ እስከ 14 ቮልት ተኩል ገደማ ይቀበላል። ከዚያ በላይ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ውኃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን እየተከፈለ ይወጣል። ውኃው ሲጎድል የእርሳሱ ዝርግ ይራቆታል፣ ሙቀቱ ይብሳል። ሃይድሮጂን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። «ጥፋቱ የሣጥኑም ነው» አለኝ ባለጀልባው። «ውኃ እንዳይገባ ብለን ከድነን ከድነን መተንፈሻ ነሳነው።» በማግስቱ ክዳኑን ሊበሳሳው ቆርጦ ነበር።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእኛው አየር መንገድ ነው። በ2005 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን በምናከብርበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ ቦስተን ላይ በቆመ የጃፓን 787 ድሪምላይነር ውስጥ ባትሪ ተቃጠለ። ጥር 8 ቀን ሌላው የጃፓን ድሪምላይነር በባትሪ ጭስ ምክንያት በድንገት አረፈ። ወዲያው በዓለም ላይ ይበሩ የነበሩት 50ዎቹም ድሪምላይነሮች፣ የኢትዮጵያ አራቱ ጭምር፣ ከበረራ ታገዱ። ባትሪው የሊቲየም ነበር፤ ስምንት ክፍሎች አሉት። አንዱ ክፍል ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን።

የሚደንቀው መፍትሔው ነው። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያው ክፍል ለምን እንደጋለ ገና አላረጋገጡም ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ አይግልም ብለው አልማሉም፤ ቢግልስ ብለው ተነሡ። በክፍሎቹ መካከል መከላከያ አደረጉ፣ ባትሪውን በብረት ሣጥን ዘጉት፣ ከሣጥኑም ጭሱን ከአውሮፕላኑ ውጭ የሚተፋ ቱቦ አወጡለት። ሚያዝያ 19 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ ድሪምላይነሩን ወደ ሥራ መለሰ። ሆኖም ሐምሌ 5 ቀን ለንደን ሂትሮው ላይ ያለ ተሳፋሪ የቆመች የኢትዮጵያ ድሪምላይነር እሳት ተነሳባት። የዚህ ጊዜው ትልቁ ባትሪ አልነበረም። የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያዋ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነበረች፤ ሽቦዋ ከክዳን ሥር ተቆንጥጦ ነበር። ለትልቁ ቤት ሲሠራለት ለትንሿ ማን አሰበላት?

አማኑኤል ወደሚኖረው አጎቴ ቤት ስሄድ ይህ ሁሉ በአእምሮዬ ነበር። አጎቴ ጣራው ላይ ሶላር አድርጓል፤ ኃይሉን የሚያጠራቅመው አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። ባትሪው የተቀመጠው የልጅ ልጆቹ ከሚተኙበት አልጋ ሥር ነው። እጄን ሳሳርፍበት ትኩስ እንጀራ የነካሁ ያህል ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ከዚህ ይውጣ።»

«ውጭ አድሮ ሌባ ይውሰደው ትላለህ?»

«ከልጆቹ ባትሪው ይሂድ።»

«ባትሪው ሲሄድ ልጆቹ በምን ያጠናሉ? በኩራዝ?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። ኩራዝ ዓይን ያጠፋል፣ ቤት ያቃጥላል። የሌባውም ጉዳይ ቀልድ አይደለም፤ ያን ባትሪ የገዛው ሁለት በግ ሸጦ ነው። ከከተማ የመጣ ሰው «አደገኛ ነው» ብሎ ሲሄድ ጨለማው የሚቀረው ለባለቤቱ ነው። ስለዚህ የአውሮፕላኑን ጥያቄ ጠየቅን፤ ቢግልስ? አናጢ ተጠራ። በውጭው ግድግዳ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው በጣራው ጥላ ሥር፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን ተሠራ። ከላይና ከታች ቀዳዳ ተበሳለት። ኃይሉን የሚገድበው ዕቃም በአዲስ ተለወጠ፤ እሱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ለባትሪው የተጣራ ውኃ እንጂ የወንዝ ውኃ እንዳይጨመርበትም ተስማማን።

አናጢው ሲጨርስ ሥራውን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ለዶሮ ነው እንዳልል ቁልፍ አለው፣ ለገንዘብ ነው እንዳልል ቀዳዳ አለው» ብሎ ሳቀ።

አሁን በስልክ ስንገናኝ አጎቴ ከዝናቡና ከእህሉ ወሬ ቀጥሎ የባትሪውን ጤንነት ይነግረኛል። ጠዋት ጠዋት፣ ላሟ ከመታለቧ በፊት፣ ሣጥኑን ከፍቶ በእጁ ይዳብሰዋል። ጎረቤቱም መጥቶ የሣጥኑን ልክ በገመድ ለክቶ ሄዷል።