ስድስት ሆነን ወጣን

ጸደይ መቼ ነው? ክርክሩ የተነሣው ሰበታ ላይ ዳቦ ስንገዛ ነው። ሥነ ጽሑፍ የምናጠናው ልጆች «መስከረም ነዋ! አደይ ያልፈነዳበት ጸደይ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አልን። የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ግን በባሕረ ሐሳብ መጣብን። መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራል፤ በቃ፣ አለቀ። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በእሱ ስሌት ጸደይ ከገባ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። በእኛ ግጥሞች ስሌት ደግሞ ገና አምስት ወር ይቀረዋል።

ስድስት ነበርን። የምንወጣው ወጨጫን ነው፤ ማታ ማታ ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትገባ ከከተማው የምናየውን፣ ባየነው ቁጥር «አንድ ቀን እንወጣዋለን» የምንለውን ተራራ። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው 3,385 ሜትር። ጎኑን የሱባ ደን ሸፍኖታል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ይህንንም የነገረን ያው የታሪኩ ተማሪ ነው፤ መንገድ ላይ አፉ አያርፍም።

በደኑ ውስጥ መንገዱ ደግ ነበር። ጽዱና ዝግባው ጥላ ይጥላሉ፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይወረወራል፤ እኛም እንከራከራለን። ከትልልቆቹ ዛፎች በላይ ወጥተን አስታው ሲጀምር ግን መንገዱ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የክረምት መንገድ ጭቃ ነው፤ የበጋ መንገድ አቧራ ነው፤ ይኸኛው ሁለቱንም ነው። ላዩ ረጥቦ ያዳልጣል፣ ሥሩ ደረቅ ስለሆነ እግር ቆንጥጦ አይዝም፣ ድንጋዩም ሲረግጡት ይዞራል። ወሬው ቆመ። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ዓይኑ ከራሱ እግር አያልፍም። የፊተኛው ፈጠነ፤ ሁለተኛው ላለመቅረት ፈጠነ፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። ለምን እንደቸኮልን ዛሬ ቢጠይቁን አናውቅም። ተራራው የትም አይሄድ!

ጫፉ ላይ ጉም ተቀበለን። ሸገርን ከላይ እናያለን ብለን የራሳችንን እጅ እንኳ በቅጡ አላየንም። ቢሆንም «ደረስን!» ብለን ጮኽን፤ ተቃቀፍን። ከዚያ ድንጋይ ተጠግተን ዳቦውን ስድስት ቦታ ቆረስነው፤ ቆሎውንም ዘረጋን። አንዱ ቁራሽ ባለቤት አጣ።

ተያየን። የት ቀረ? መቼ ቀረ? እያንዳንዳችን ከሌላው ጋራ ያለ መስሎን ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ አስታው መጀመሪያ ላይ «ቆዩኝ እስቲ» የሚል ድምፅ እንደሰማ ያን ጊዜ ተናገረ። «ይደርስብናል ብዬ ነው» አለ። ማን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ከአምስታችን ማንኛችንም ልንሆን እንችል ነበር።

ስሙን እየጠራን ወረድን። ጉሙ ድምፃችንን ዋጠው። በረዶም ጣለ፤ እንደ ሽምብራ ያለ በረዶ፣ ጆሮ የሚያቃጥል። ወደ ላይ ስንሮጥበት የነበረውን ድንጋይ አሁን በቂጣችን እየተንሸራተትን ወረድነው። ገደሉን ባየን ቁጥር ሆዳችን ይላወሳል፤ ማንም ግን የፈራውን በቃል አላወጣውም።

ደኑ ጫፍ ላይ፣ ኮሶ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። አጠገቡ አንድ እረኛ ልጅ ቁጢጥ ብሎ የሸራ ጫማውን በሲባጎ ይጠፍርለታል። ሶሉ ከፊቱ እስከ ተረከዙ ተገንጥሏል።

«ምነው? ለምን አትጠራንም ነበር?» አልነው፤ ደግሞ ቆጣ ብለን!

«አንድ ጊዜ ጠራሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ በጫማ ምክንያት መጮኽ አፈርኩ።»

ጫማውን እናውቀዋለን። ከጥቅምት ጀምሮ ዶርም ውስጥ በማስቲሽ ሲለጥፈው እያየን «ይኼ ጫማ ከአንተ በፊት ሳይመረቅ አይቀርም» እያልን ስንስቅ ከርመናል። እሱም አብሮን ሲስቅ ነበር። በዚያ ጫማ ድንጋይ ሊወጣ ሲነሣ ግን አንዳችንም እግሩን አላየነውም።

ከኮሶው ሥር ተሰብስበን ዳቦውን በላን። የእሱን ቁራሽ ለሁለት ገምሶ ግማሹን ለእረኛው ሰጠው። በኦሮምኛ ይጫወታሉ፤ ከእኛ መካከል ቋንቋውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት በክርክሩ ጊዜ ዝም ብሎ የነበረውም እሱ ነው። አሁን ግን ቀና አለና፣

«ስጠብቃችሁ የእናንተን ጥያቄ ጠየቅኩት» አለን። «አሁን አርፋሳ ነው አለኝ። አባቱ በሬ የጠመደበት ጊዜ።»

የታሪኩ ተማሪ እንኳ አልመለሰም። ወደ ታች ስናይ እውነትም ከደኑ ማዶ አዲስ የታረሰ መሬት ጠቁሮ ይታያል። ጠዋት በአጠገቡ አልፈን ነበር፤ አላየነውም።

ወደ ጫፉ ለመመለስ ሰዓቱ አልፈቀደም። ቁልቁል ስንወርድ ሲባጎ የታሰረበት ጫማ ፊት ፊት ሄደ፤ እኛም በእሱ እርምጃ ተከተልን። ዝግ ያለ ነው፤ ግን በዚያ እርምጃ ሰው ያወራል፣ ማዶውንም ያያል። ሰበታ የደረስነው ሲመሽ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግቢ ውስጥ «ወጨጫን ወጣችሁ አሉ» ሲሉን መልሱ ይቸግረናል። አምስት ልጆች ወጥተዋል። እኛ ግን ገና ነን። ደግመን ለመሄድ ተስማምተናል፤ ለጫማውም ገንዘብ እያዋጣን ነው፣ እሱም እኩል ካላዋጣሁ ብሎ ተጣልቶናል። ቀኑን በጸደይ አድርገነዋል። በየትኛው ጸደይ እንደሆነ ግን ክርክሩ አላለቀም።